የኢሽቤል አፍንጫ

አፈር የሚነድባት፣ ዝናብ የማይቆጠርባት፣
ነፋስ ከባሕር ወጥቶ በር የሚያንኳኳባት፣
ከስኮትላንድ ምዕራብ አንዲት ደሴት አለች፣
ጭጋግ ተከናንባ ዓመቱን የተኛች።
እዚያ ነው የተማርኩት ማሽተትን እንደ ማንበብ፣
ከምላስ ጫፍ ተነስቶ ወደ ኋላ ማሰብ።

መምህሬ ኢሽቤል ናት፣ የመጋዘኑ እመቤት፤
አርባ ሁለት ክረምት ያሸተተችበት፣
ጣሪያው ጎንበስ ያለ፣ ወለሉ አፈር የሆነ ቤት፣
ቁልፉ ዛሬም ድረስ ከወገቧ አልወረደ፤
አፍንጫዋ ግን
ባለፈው ጥር ወር ከጉንፋን ጋር ሄደ።
ሐኪሙ «ጠብቂ» አላት። ጠበቀች።
ሳሙናው ዝም አላት፣ ዓሣው ዝም አላት፤
ዳቦ አሮ ጢሱ ዓይኗን ሲያስለቅሳት
ሽታው ግን አለፋት፣ እንደማያውቃት።

ለማንም አልነገረች። አንድ ማክሰኞ ማታ
«ኒንያን፣ ፋኖስ ያዝ» አለች፣ ከደጅ ተጣርታ።
ገባን። በስተግራ፣ ከግድግዳው ሥር፣
ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ በኖራ የተጻፈ ቁጥር፤
ከቶርኪል ያጣላት በርሜል እሱ ነበር።

ቶርኪል በርሜል ሠሪው፣ ከመዶሻው የጠና ቃሉ፣
«ይህ ጣውላ ጉጥ አለው፣ ያፈስሳል» ማለቱ፤
«ይሞላ» አለች እሷ። ተሞላ።
ሃያ ስድስት ዓመት ተኮራርፈው ኖሩ፣
በአንድ ጠባብ መንገድ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን እየተሻገሩ።
አምና ቀበርነው። እሷም ቆማ ነበር፣
ጃንጥላ ሳትዘረጋ፣ ከሰው ሁሉ ዳር።

ውታፉን ነቀልኩና መቅጃውን ሰደድኩት፤
ወረደ፣ ወረደ፣ እስከ ክንዴ ድረስ ከተትኩት።
«ንገረኝ» አለችኝ። «ግማሹ የለም» አልኳት።
የመላእክት ድርሻ ይሉታል በዚህ አገር፣
በየዓመቱ ከእንጨት ሾልኮ ወደ ሰማይ የሚበር፤
የእኛዎቹ መላእክት ግን ጉሮሯቸው ሰፊ ነበር።

ብርጭቆው አንገተ ጠባብ። ውስኪው የመዳብ ቀለም፣
ሳዞረው በመስታወቱ ላይ ሲንፏቀቅ፣ የሚቸኩልበት የለም።
«አንተም አትቸኩል» አለች። «አፍህን ከፈት አድርግ።
መጀመሪያ የሚወጣው ዘበኛው ነው፣ አልኮሉ፤
እሱን እለፍና የቤቱን ሰዎች ጥራ፣ ይመጣሉ።»

መጡ።
«ጭስ አለ» አልኳት።
«እሱን መንገደኛም ያውቃል። የመቼ ጭስ?»
ዓይኔን ጨፈንኩ። «የትናንት። አመድ ውስጥ ያደረ፣
ዝናብ የመታው የሱፍ ሹራብ አጠገቡ የነበረ።»
«ከዚያስ?»
«ቅጥራን። የጀልባ ገመድ። የባሕር ሣር በጠጠር ላይ፤
አዮዲን፣ የሐኪም ቤት ኮሪደር በእሑድ ቀን፣ ሰው ሳይታይ፤
ደግሞ ፖም፣ ጆንያ ውስጥ የተረሳ።»
«ውሃ ጨምር። አንድ ጠብታ። ሁለት ካደረግከው ውጣ።»

ጨመርኩ።
ያ ቁጡ ጭስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤
ማር ከጀርባው ብቅ አለ፣ ዘቢብ ተከትሎ አፈተለከ፤
ከሁሉም ኋላ፣ ስሙን የማላውቀው አንድ ነገር
በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሞ ያየኝ ነበር።
«ምንድን ነው?» አለች። «እንጃ...
የእንጨት ፍቅፋቂ። የጋለ ብረት፣ ውሃ ሲነካው።
የቆዳ ሽርጥ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ።»

ፋኖሱን ከእጄ ወሰደች፤ ለምን እንደሁ አልገባኝም።
ብርጭቆውን አነሣች። ተጎነጨች። አልዋጠችም፤
ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዞረችው፣ እንደ ክርክር፣
እንደ አሮጌ ክርክር፣ ዳኛው ከሞተ የቆየ።
«ይሞቃል» አለች በመጨረሻ። «ጨውም አለው።
ሌላውን አንተ እንዳልከው።»

መዝገቡን አስገለጠችኝ። እርሳሱን ራሷ ያዘች፣
ከቁጥሩ ትይዩ፣ በዚያ ደቃቅ እጇ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦
ያፈስሳል። ቶርኪል ልክ ነበር።
ትንሽ አሰበችና ከሥሩ፦ በጣም ጥሩ ነው።
ቀኑን ረቡዕ አለችው። አላረምኳትም።

ከዚያ ማታ ወዲህ ጮክ ብዬ ነው የማሸተው።
«ዝናብ» እላለሁ ማለዳ፣ የመጋዘኑን በር ከፍቼ፤
«ከየት በኩል?» ትላለች ከኋላዬ።